አዲሱን ጳጳስ በምን እንቀበላቸው?

(በሰፈራችን ነዋሪዎች መረዳጃ ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ሥራ ላይ ውላችሁ መገኘት ላልቻላችሁ እንዲደርሳችሁ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)



በቅድሚያ ከሌሊት ሥራ ወጥታችሁ፣ ልጆቻችሁን ለጎረቤት ትታችሁ፣ ያችን አንዲት የዕረፍት ቀናችሁን ሰጥታችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ በኮሚቴው ስም አመሰግናለሁ። ቡናው እስኪደርስ ድረስ የተላክሁበትን ላድርስ።

ባለፈው ስብሰባችን አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሳይቋጭ አድሯል። ይኸውም የሳንዲያጎ ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከት አዲስ ጳጳስ ተሹሞለታልና እኛ የዚህ ሰፈር ሰዎች እንደ ጎረቤት እንኳን ደህና መጡ እንበላቸው ወይስ ዝም እንበል? እንበላቸው ከተባለስ በምን መልክ? የሚል ነው። ገሚሱ «ቡና አፍልተን፣ ድፎ ዳቦ ደፍተን እንጋብዛቸው» አለ። ገሚሱ «ደብዳቤ ይበቃል» አለ። ከወደ ኋላ በኩልም «እኛን ምን አገባን?» የሚል ድምፅ ተሰምቷል። ኮሚቴው «ነገሩን አጣርተህ ለሰው አስረዳ» ስላለኝ ያገኘሁትን ይዤ ቀርቤያለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኔ ካቶሊክ አይደለሁም፤ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ እንዲሁ ሆኜ ለመሞትም ምኞቴ ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ጴንጤውም አለ፣ ሙስሊሙም አለ፣ ካቶሊኩም አለ። ማንንም ከሃይማኖቱ ለማናወጥ አልመጣሁም። የምናገረው እንደ ጎረቤት ስለ ጎረቤት ነው።

ሰውየው ማን ናቸው?

ብፁዕ አቡነ ማይክል ፋም በትውልዳቸው ቬትናማዊ ናቸው። በ1967 ዳናንግ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ተወለዱ። በኤፕሪል 1975 የአገራቸው ጦርነት በኮሚኒስቶቹ አሸናፊነት ሲያበቃ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በትናንሽ ጀልባ እየተጫነ ባሕር ላይ ወጣ፤ የደረሰው ደረሰ፣ የሰጠመው ሰጠመ። እኒህም ሰው በ1980፣ ገና በ13 ዓመታቸው፣ ከእኅታቸውና ከወንድማቸው ጋር እናትና አባታቸውን ትተው በጀልባ ወጡ። ማሌዢያ ካለ የስደተኞች ካምፕ ደረሱ። በማግሥቱ ዓመት ሚኔሶታ የሚኖር አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ተቀብሏቸው ወደዚህ አገር ገቡ። ወላጆቻቸው የተቀላቀሏቸው ቆይተው ነው።

ካምፕ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የገዳሪፍን ፀሐይ ያየ፣ ካኩማ የከረመ፣ ራሽን ለመቀበል ተሰልፎ የዋለ፣ ስሙ ከዝርዝር ውስጥ እንዳለ ለማየት ሰሌዳ ሥር የተጋፋ ሰው እዚህ ውስጥ ስንት ነው! እኔም በሱዳን በኩል ነው የመጣሁት። ስለዚህ እኒህ ሰው ጳጳስ ከመሆናቸው በፊት ምን እንደነበሩ ከብዙ አሜሪካዊ ይልቅ እኛ እናውቃለን።

ደግሞ ዓመቱን ልብ በሉልኝ፤ 1980። በዚያው ዓመት በማርች ወር ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የስደተኞችን ሕግ ፈረሙ። ከዚያ በፊት የአሜሪካ በር ለስደተኛ የሚከፈተው በአብዛኛው ከኮሚኒስት አገር ወይም ከመካከለኛው ምሥራቅ ለሸሸ ነበር፤ አፍሪካዊ የሚገባበት ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ነበር። ያ ሕግ ከወጣ በኋላ ነው ከሱዳን ካምፖች ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በብዛት መምጣት የጀመሩት። እንግዲህ ያን የቬትናም ልጅ የተቀበለውና የእኛን ታላላቆች የተቀበለው ሕግ አንድ ነው። በአንድ በር ገብተን በአንድ ሰፈር መገናኘታችን ድንገት የሆነ ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪካቸው አጭር ነው። ቤተሰቡ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ሳንዲያጎ መጣ። እሳቸውም ሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ያው 215 አውቶቡስ በምሥራቅ በኩል የሚያበቃበት፣ ገብተው የአውሮፕላን ምሕንድስና ተማሩ። ከዚያም ያንን ትተው ለክህነት ተማሩና በ1999 ቄስ ሆኑ። በልዩ ልዩ ቁምስናዎች አገለገሉ፤ ከእነዚህም አንዱ ሚራ ሜሳ ያለው የመልካሙ እረኛ ቁምስና ነው። ቀጥሎም ከየአገሩ የመጡ ምእመናንን ጉዳይ እንዲይዙ ተሾሙ። በጰራቅሊጦስ ሰሞን ሁሉም ያገሩን ልብስ ለብሶ፣ በየቋንቋው እየዘመረ የሚገናኝበትን «የሕዝቦች ሁሉ ቅዳሴ» ሲመሩ የኖሩት እሳቸው ናቸው። በ2023 ረዳት ጳጳስ ሆኑ። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ካርዲናል ሮበርት ማኬልሮይ በ2025 መጀመሪያ ወደ ዋሽንግተን ሲዛወሩ መንበሩ ክፍት ሆነ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ ሜይ 8 ቀን 2025 ተመረጡ፤ ሁለት ሳምንት ቆይተው ሜይ 22 ቀን አቡነ ማይክልን ሾሙ፤ እሳቸውም ጁላይ 17 ቀን 2025 መንበራቸውን ተረከቡ። ሀገረ ስብከቱ በ1936 ከተቋቋመ ወዲህ ሰባተኛው ጳጳስ ናቸው። ቬትናም ተወልዶ በአሜሪካ አንድን ሀገረ ስብከት በኃላፊነት ለመምራት ደግሞ የመጀመሪያው ሰው ናቸው።

እረኛ የሆኑበት ሕዝብ

ይህ ሀገረ ስብከት የሳንዲያጎንና የኢምፒሪያልን አውራጃ ያጠቃልላል። ካሊፎርኒያ ከሜክሲኮ ጋር የምትዋሰንበት ድንበር ከባሕሩ ጫፍ እስከ በረሃው ድረስ በሙሉ በእሱ ውስጥ ነው። ወደ 100 የሚጠጉ ቁምስናዎችና ከ1 ሚሊዮን በላይ ምእመናን አሉት። ከዚህ የባሕር ዳር ከተማ ተነሥታችሁ በመኪና ሁለት ሰዓት ወደ ምሥራቅ ብትነዱ ሰላጣና ሽንኩርት የሚለቀምበት የኢምፒሪያል ሸለቆ ትደርሳላችሁ፤ የዚያ ቀን ሠራተኛም የእሳቸው መንጋ ነው፤ ላሆያ ባለው ባለ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ቤት የሚኖረውም የእሳቸው መንጋ ነው።

ሕዝቡም ድርብርብ ነው። ከሁሉ በፊት የነበሩት ኩሚያይ የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ናቸው። ስፔኖች በ1769 እዚህ ሚሲዮን ሲመሠርቱ መሬቱ ባዶ አልነበረም። በ1775 ኩሚያዮች ተነሥተው ሚሲዮኑን አቃጥለዋል፤ ቄስም ተገድሏል። ይህን የማነሣው ያንን ወገን ከዚያኛው ለማብለጥ ብዬ አይደለም፤ ወንጌል ከወታደር ጋር ሲመጣ ምን እንደሚከተል የዚህም አገር ታሪክ ያውቀዋል ለማለት ነው። ከዚያም ሜክሲኮዎቹ አሉ፤ ከባሕር ኃይሉ ጋር የመጡ ፊሊፒኖዎች አሉ። በ1975 ከሳይጎን የወጡ ከ50 ሺህ በላይ ቬትናማውያን መጀመሪያ ያረፉት ከከተማችን በስተሰሜን ባለው በካምፕ ፔንድልተን የጦር ሰፈር በድንኳን ውስጥ ነበር። ከእነሱ ብዙዎቹ ወደ ሰፈራችን ወረዱ። ኤል ካሆን ጎዳና ላይ ከ2013 ጀምሮ «ትንሿ ሳይጎን» ተብሎ የተሰየመውን መንደር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እኛ ሽሮና በርበሬ ስንፈልግ፣ እነሱ የፎ ሾርባቸውን ሲሠሩ፣ አንድ መንገድ ላይ ነው የምንገናኘው።

ከኢራቅ የመጡት ከለዳውያንም በብዛት ኤል ካሆን ከተማ ይኖራሉ። እነሱ ከሮም ጋር አንድ ቢሆኑም የራሳቸው ሥርዓተ ቅዳሴ ስላላቸው ከ2002 ጀምሮ የራሳቸው ሀገረ ስብከትና ጳጳስ አሏቸው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአገራችንም አዲስ አበባ፣ ዓዲግራት፣ እምድብር፣ ባሕር ዳርና ደሴ ያሉ ካቶሊኮች የሚቀድሱት እንደ እኛው በግእዝ ሥርዓት ነው።

ጳጳስ የሚችለውንና የማይችለውንም እንወቅ። ቀሳውስትን ይመድባል፣ ትምህርት ቤቶችን ይመራል፣ የበጎ አድራጎቱን ሥራ ይቆጣጠራል፣ ቃሉም ይሰማለታል። ሕግ ግን አያወጣም። መኖሪያ ፈቃድ አይሰጥም፤ ዳኛ አያዝም። «ጳጳሱ ይጻፉልኝና ጉዳዬ ያልቃል» ብሎ የሚጠብቅ ካለ ከአሁኑ ተስፋውን ያስተካክል።

«እኛን ምን አገባን?» ላሉት

ይህን ያሉትን ሰዎች አልወቅስም። ከኋላቸው ታሪክ አለ። ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን እምነት በአዋጅ አስገብተው ስንት ወገን እርስ በርሱ እንደተላለቀ፣ በ1632ም የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ እንደለቀቁ ያልሰማ የለም። በእኛ ዘንድ ይህ የትናንት ያህል ቅርብ ነው።

ይሁንና ሌላም ታሪክ አለ፤ እሱም የእኛው ነው። እዚህ አገር ስንገባ ብዙዎቻችንን ከአየር ማረፊያ የተቀበለን፣ ፍራሽና ድስት ያለበት አፓርታማ ያስገባን፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ያደረሰን ማን ነበር? ለአያሌዎቻችን የካቶሊክ በጎ አድራጎት ድርጅት ነበር። ሙስሊሙንም ተቀብሏል፤ ኦርቶዶክሱንም ተቀብሏል። «ተጠመቅ» ያለን አልነበረም። አሁን ያ በር ጠብቧል። በጃንዋሪ 2025 መንግሥት የስደተኞችን መግቢያ አገደ። በኤፕሪል 2025 የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ስደተኞችን ለማቋቋም ከመንግሥት ጋር የነበረውን ውል እንደማያድስ አስታወቀ። የተቀበለን እጅ ራሱ በታሰረበት ጊዜ «ምን አገባን» ማለት ከእኛ አያምርም።

ሌላው የሚያስፈራው ነገር ፖለቲካው ነው። «ወረቀቴን ገና በስንት መከራ ባገኘሁ ስሜ እንዳይነሣ» የሚል አለ። ይህ ፍርሃት ፌዝ አይደለም። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የምለው ማንንም ወደማይፈልገው ነገር የሚጎትት እንዳይሆን አድርጌ ነው ያሰብኩት።

ጁን 20 ቀን ምን ሆነ?

በ2025 የጸደይ ማብቂያ ላይ በመሐል ከተማ፣ ፍሮንት በሚባለው መንገድ ባለው የፌዴራል ሕንፃ ውስጥ አዲስ ነገር ተጀመረ። ቀጠሮ አክብሮ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት የሄደ ሰው ከችሎቱ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ በአይስ መኮንኖች መያዝ ጀመረ። አሠራሩን ብዙ ሰው ስላልተረዳው ላስረዳ። የመንግሥቱ ጠበቃ ተነሥቶ «ጉዳዩ ይዘጋልን» ብሎ ዳኛውን ይጠይቃል። ባለጉዳዩ «ተመስገን፣ ነጻ ወጣሁ» ይላል። ነገር ግን መዝገቡ ሲዘጋ በዳኛ ፊት የመከራከር ዕድሉም አብሮ ሊዘጋና ሰውየው ዳኛ በማያየው ፈጣን መንገድ ከአገር ወደሚባረርበት መዝገብ ሊዛወር ይችላል። በሩ ላይ የሚጠብቁትም ለዚህ ነው።

በዚያን ጊዜ አቡነ ማይክል ተሹመዋል እንጂ ገና መንበራቸውን አልተረከቡም ነበር። «ሹመቴ ይጽና፣ ከዚያ በኋላ አስብበታለሁ» ቢሉ የሚፈርድባቸው አልነበረም። እሳቸው ግን ከሁለቱ ረዳት ጳጳሳት ጋር ሆነው ለቀሳውስቱ ደብዳቤ ጻፉና፣ የዓለም የስደተኞች ቀን በሆነው በጁን 20 ቀን 2025፣ ካቴድራሉ ውስጥ ቅዳሴ ካደረሱ በኋላ ከሌሎች እምነት መሪዎች ጋር ወደዚያ ሕንፃ ሄዱ። መፈክር አላሰሙም። በር አልዘጉም። ከባለጉዳዮቹ ጋር ገብተው ቁጭ አሉ፣ አብረዋቸውም ወጡ። በዚያ ጧት መኮንኖቹ ከኮሪደሩ ዞር እንዳሉ፣ አብረዋቸው ከነበሩትም የተያዘ እንዳልነበረ ጋዜጦች ጽፈዋል። ከኦገስት 2025 ጀምሮም ሀገረ ስብከቱ ከሌሎች እምነቶች ጋር ሆኖ በጎ ፈቃደኞች በፈረቃ ፍርድ ቤቱ እንዲገኙ አደረገ።

እዚህ ላይ ልናገረው የሚገባ እውነት አለ። አብሮ መገኘት ሰውን ከመያዝ ያድናል ማለት አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላም የተያዙ ሰዎች አሉ። ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? ብትሉኝ፣ ሰውየው ቢያዝ እንኳ ስሙን የሚያውቅ፣ ለሚስቱ የሚደውል፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ፣ ለጠበቃ የሚነግር ሰው አለ ማለት ነው። ካልተያዘም አብሮት የሚተነፍስ ሰው አለ። ብቻውን የሄደ ሰው ግን ስልኩ ይዘጋል፣ ቤተሰቡም የት እንደገባ ሳያውቅ ያድራል።

ይህን ነገር ስሰማ የውጭ ነገር ሆኖ አልታየኝም። በአገራችን ማን ነው ፍርድ ቤት ብቻውን የሚሄድ? ዋስ ይሄዳል፣ እማኝ ይሄዳል፣ ዘመድ ይሄዳል፣ ጎረቤቱ ጋቢውን አጣፍቶ ችሎቱ በር ላይ ይቀመጣል። ሐኪም ቤት ብቻውን የሚተኛ የለም፤ ለቅሶ ብቻውን የሚቀመጥ የለም። እዚህ አገር ገብተን ነው ሁሉን ነገር ለብቻ ማድረግ የለመድነው፤ ሥራው ሰዓት አይሰጥማ!

ሳንሸፋፍን የምንናገረው

እንግዳ ስንቀበል ምርቃት ብቻ ማዥጎድጎድ ልማዳችን ነው። ነገር ግን የምናከብረውን ሰው እውነቱን ሳንነግረው ብንቀር አላከበርነውም። አቡነ ማይክል የተረከቡት ሀገረ ስብከት ከባድ ዕዳ አለበት። በልጅነታቸው በቀሳውስትና በቤተ ክርስቲያኒቱ አገልጋዮች ተደፍረናል ያሉ ሰዎች ክስ ነው። በ2007 ሀገረ ስብከቱ 144 ክሶችን በ198 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ዘግቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የካሊፎርኒያ ሕግ ለቆዩ ክሶች በሩን እንደገና ሲከፍት ወደ 450 የሚጠጉ አዳዲስ ክሶች መጡ፤ ከዚህ የተነሣ ሀገረ ስብከቱ በጁን 2024 የኪሳራ ጥበቃ ለመጠየቅ ፍርድ ቤት ቀረበ።

አዲሱ ጳጳስ ይህን አላደረጉትም፤ ወርሰውታል። የወረሰ ሰው ግን ዕዳውንም ይወርሳል። ከሰፈራችን በካቶሊክ ትምህርት ቤት የሚማሩ፣ በቁምስና አዳራሽ የሚጫወቱ ልጆች አሉን። ስለዚህ በደብዳቤአችን ውስጥ «የተጎዱት ፍትሕ እንዲያገኙ፣ የልጆቻችንም ጥበቃ የሚታይ እንዲሆን እንለምናለን» የሚል ዐረፍተ ነገር እንዲገባ አሳስባለሁ። ደግሞ ነገሩ የእነሱ ብቻ ነው ብለን ጣት አንቀስር። በእኛም ቤት፣ በየእምነታችንም ውስጥ፣ ልጅ ሲናገር «ዝም በል፣ ነውር ነው» ማለት አለ። እሱንም እግረ መንገዳችንን እንተው።

እንግዲህ በምን እንቀበላቸው?

ቡናውን አልቃወምም። ደብዳቤውንም አልቃወምም፤ ሁለቱም ይሁኑ። ነገር ግን የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ ሰውየው መንበራቸውን ሳይረከቡ የጀመሩትን ሥራ አብረን ብንይዝላቸው ከማንኛውም ግብዣ የበለጠ አቀባበል ይሆናል። ከዚህ ሰፈር ማንም ሰው፣ ኢትዮጵያዊ ይሁን ኤርትራዊ፣ ሶማሌ ይሁን ሄይቲያዊ ወይም የጓቴማላ ሰው፣ ወደዚያ ፍርድ ቤት ብቻውን አይሂድ። ይህን ለማድረግ ካቶሊክ መሆን አያስፈልግም። ጎረቤት መሆን ይበቃል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት አይደል የሚባለው?

ለዚህም ዕድራችን ልምድ አለው። ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ማን ወንበር እንደሚያመጣ፣ ማን እንጀራ እንደሚጋግር፣ ማን ሌሊት ከሐዘንተኛ ጋር እንደሚያድር ይታወቃል። ለሞተ ሰው ተራ የምንጠብቅ ሰዎች በሕይወት ላለው ተራ መጠበቅ እንዴት ያቅተናል? ስለዚህ የሚከተለውን አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የተራ መዝገብ ይከፈት። ቀጠሮ ያለው ሰው ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ያስመዘግባል። ጉዳዩ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደገባ፣ ማንም አይጠይቀው፣ ማንም አይጻፍበት። መዝገቡም በአንድ ሰው እጅ ብቻ ይቆይ፤ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍ።

ሁለተኛ፦ አብሮ የሚሄደው ዜግነት ያለው ሰው ይሁን። የራሱ ጉዳይ ያላለቀ ሰው ልቡ ቢፈቅድም ወደዚያ አይሂድ። እሱ ልጅ ይጠብቅ፣ ምሳ ይሥራ፣ በ215 ወይም በ7 ቁጥር አውቶቡስ እስከሚሳፈሩ ይሸኝ። ይህም ሙሉ ተሳትፎ ነው።

ሦስተኛ፦ ቀጠሮ አይቅር። ፈርቶ የቀረ ሰው ላይ ዳኛው በሌለበት የመባረር ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል፤ ያን ማንሣት ደግሞ ከባድ ነው። ከቀጠሮው አስቀድሞ «ኤ ነምበር» የሚባለውን ባለ 9 አሃዝ ቁጥር ይዞ በፍርድ ቤቱ ነጻ የስልክ መልስ ሰጪ ወይም ድረ ገጽ ቀኑ አለመቀየሩን ማረጋገጥ ይቻላል። ቤት የቀየረ ሰው በአምስት ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። አድራሻቸውን ሳይቀይሩ ቀርተው መጥሪያው ወደ አሮጌው ቤት ስለሄደባቸው ብቻ መከራ የሚያዩ አሉና።

አራተኛ፦ አብሮ ሂያጅ ጠበቃ አይደለም። «እንዲህ በል፣ እንዲህ አትበል» ብሎ አይምከር። ጽፌ አስገባልሃለሁ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል፣ የጠበቃ ፈቃድ የሌለውን ሰውም ሁላችን እንራቅ። በዚህ ፍርድ ቤት መንግሥት ጠበቃ አያቆምም፤ አስተርጓሚ ግን በነጻ ያቀርባል። አማርኛም ሆነ ትግርኛ መጠየቅ መብት ነው፤ ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ መውሰድ አያስፈልግም። «ጉዳዩ ይዘጋ» የሚል ጥያቄ ከመጣ ባለጉዳዩ እሺ ከማለቱ በፊት «ጠበቃ ላማክር፣ ጊዜ ይሰጠኝ» ብሎ ዳኛውን መጠየቅ ይችላል።

አምስተኛ፦ ከቤት ከመውጣት በፊት አንድ ወረቀት ይሞላ። በላዩም የቤተሰቡ ስልክ፣ የጠበቃው ስልክ ካለ፣ የሚወሰደው መድኃኒት፣ ልጆቹን ማን እንደሚያመጣ፣ የቤቱ ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሆነ ይጻፍ። ወረቀቱን አብሮ ሂያጁ ይያዘው፤ በሰላም ሲመለሱ ለባለቤቱ ይስጠው፣ እሱም ይቅደደው።

ስድስተኛ፦ ፍርድ ቤት ውስጥ ጸጥታ ይከበር። ችሎቱ በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የጥገኝነት ጉዳይ ሲሰማ ግን ሊዘጋ ይችላል። ዳኛው ውጡ ካለ ወጥቶ በር ላይ መጠበቅ ነው። ከመኮንን ጋር ግብግብ የለም፤ ስድብ የለም። የምንሄደው ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

ለጳጳሱም በምንጽፈው ደብዳቤ ይህንኑ እንንገራቸው። «ብፁዕ አባታችን፣ በሲቲ ሃይትስ የምንኖር፣ እምነታችን ልዩ ልዩ የሆነ ጎረቤቶች ነን። እርስዎ በጀመሩት ሥራ በዚህ በዚህ ቀን እኛም ተራ ገብተናል። ከበጎ ፈቃደኞቻችሁ ጋር አማርኛና ትግርኛ የሚያውቁ ሰዎች እንዲሰለፉ እንሰጣለን። በበኩላችሁ ለሥልጠናው ስትሰበሰቡ እኛንም ጥሩን» እንበላቸው። ይህ ደብዳቤ ባዶ እጁን አይሄድም፤ ሥራ ይዞ ይሄዳል። ቡናውንም ያን ጊዜ ብንጋብዛቸው ጎረቤት ከጎረቤት እንደሚጠጣው ሆኖ ይጣፍጣል።

ወገኖቼ፣ ነገሬን ላብቃ። ይህ ሰፈር ከኩሚያይ ጀምሮ ስንቱን ተቀብሏል፤ ከተቀበላቸውም ውስጥ በጀልባ የመጣው ልጅ ዛሬ ለሚሊዮን ሰው አባት ሆኗል። ነገ ደግሞ ከእኛ ልጆች ማን ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አንድ እሱ ነው። እስከዚያው ግን ዛሬ ፍርድ ቤት የተቀጠረው ሰው የእኛ ነው።

የተራ መዝገቡ ከቡናው ረከቦት አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሐሳቤን የሚቃወም ቢኖር መድረኩ ክፍት ነው፤ የሚደግፍ ካለ ደግሞ ሲወጣ ስሙንና የሚመቸውን ቀን ይጻፍ። መዝገብ ያዧ እማማ የመነጽራቸውን ነገር ታውቃላችሁና ፊደላችሁን ጎላ አድርጋችሁ ጻፉላቸው።

ፈጣሪ ሰፈራችንን ይባርክ፤ አዲሱንም ጳጳስ ሥራቸውን የተቃና ያድርግላቸው።